ስለ ማለዳ ቁርስ፤ ከአራዳ ገበያ እስከ መርካቶ ፉል ቤት



ከጥቂት ሳምንታት በፊት፥ በአንድ ረቡዕ ማለዳ፥ ከእኔ በዕድሜ እጅግ የሚያንስ አንድ የመዝገብ ቤት ባልደረባዬ «ጋሼ፥ መርካቶ ዳር ቁርስ በልተው ያውቃሉ?» ሲል ጠየቀኝ። በዚያ መንገድ ከሠላሳ ዓመት በላይ ተመላልሻለሁ፤ የድስቱን እንፋሎት አይቻለሁ፤ የተጠበሰውን ሽንኩርት ሽታ አሽትቻለሁ፤ ነገር ግን አንድ ቀን እንኳ ከአግዳሚው ላይ ተቀምጬ አላውቅም ነበርና መልስ አጣሁ። ያልተቀመጥሁበትን ምክንያት ራሴን ብጠይቅ ያገኘሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ማፈሬ ነው። ከረቫት ያሰረ ሰው በመንገድ ዳር፥ ከሸክም አውራጁ ጎን፥ እጁን ወደ አንድ ሳሕን ሲሰድ የሚያውቀው ሰው ቢያየው ምን ይለዋል የሚል ኀፍረት ነው።

ባልደረባዬ ግን ለቀቅ አላደረገኝም። ሄድንም። በቆርቆሮ የተጋረደች፥ ወለሏ ድንጋይ የተደለደለባት፥ ሁለት አግዳሚና አንድ ረዥም ጠረጴዛ ብቻ የምትይዝ ደሳሳ ቤት ናት፤ ስምም ሰሌዳም የላትም። በምድጃው ላይ አንድ አፈ ጠባብ ትልቅ ድስት ተጥዷል፤ ከጎኑም የሻይ ማንቆርቆሪያ ይንተከተካል። የቤቲቱ ባለቤት ዕድሜያቸው ከስድሳ የዘለለ ሴት ናቸው። በዚያች ቤት ስላየሁት ነገርና ሴትዮዋ ስለ ጠየቁኝ ጥያቄ ኋላ እመለስበታለሁ፤ አስቀድሜ ግን ይህ የማለዳ ቁርስ ከየት መጣ የሚለውን ላውጋችሁ፤ ነገሩ ከሚመስለው ይልቅ ረዥም ታሪክ ያለው ነውና።

ቁርስ የሚለው ቃል «ቈረሰ» ከሚለው ግሥ የወጣ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሲወለድም ስለ ሰዓት የሚናገር ቃል አልነበረም፤ ስለ እጅ ሥራ የሚናገር ነበር እንጂ፤ ዳቦን ወይም ቂጣን ከፍሎ መስጠት ማለት ነው። በባላገር ቤት ጠዋት የሚበላው ነገር ተለይቶ የተዘጋጀ ማዕድ አልነበረም። ከማታ የተረፈ እንጀራ ይፈረፈራል፤ ቆሎ ይዘገናል፤ ቂጣ ይጋገራል፤ ጠላም ካለ ይቀዳል። ገበሬው ይህን ቀማምሶ ጥማዱን ይዞ ይወጣል። በቅቤ የታሸ ገንፎ፥ ጭኮና ጨጨብሳ የመሳሰሉት ደግሞ ለአራስ፥ ለእንግዳ፥ ወይም ለበዓል የሚሠሩ እንጂ የዘወትር አልነበሩም።

ለክርስቲያኑ ሕዝብ ሌላም ምክንያት ነበረ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ረቡዕንና ዓርብን፥ ዐቢይ ጾምን 55 ቀን፥ ፍልሰታን፥ ነቢያትን፥ ሐዋርያትንና ሌሎቹን ስትቆጥሩ ምእመኑ በዓመት ከ180 ቀን የማያንስ ይጾማል። በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት፥ ወይም ቢያንስ እስከ ቀትር፥ እህል ውኃ አይቀመስም። ከዓመቱ ግማሽ ያህሉ ቀን ጠዋት የማይበላበት ሕዝብ የቁርስ ሥርዓት ሳያደረጅ ቢቀር የሚያስደንቅ አይደለም። ሙስሊሙም ወገናችን በረመዳን ከጎሕ በፊት ስሑሩን በልቶ እስከ ጀንበር መጥለቅ ይታገሣል። ስለዚህ በእኛ አገር ጠዋትና ጾም የቅርብ ዘመዶች ነበሩ ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

የሆነ ሆኖ፥ ከጾሙ ይልቅ የመንገድ ዳር ቁርስን ያዘገየው ነገር ስለ መብል የነበረን አስተሳሰብ ይመስለኛል። በዱሮ ዘመን ምግብ የሚገኝበት በር ሦስት ነበረ። አንደኛው የገዛ ቤት ነው። ሁለተኛው የጌታ ቤት ነው፤ ንጉሡና መኳንንቱ ግብር ያበላሉ፤ በአዳራሹ ሕዝቡ በየማዕርጉ ተራ በተራ እየገባ ይመገባል፤ ማብላት የሥልጣን ምልክት ነበርና ብዙ ያላበላ ጌታ ጌታ አይባልም። ሦስተኛው የእግዚአብሔር ቤት ነው፤ ዝክሩ፥ ማኅበሩ፥ ጽዋው፥ ተዝካሩ። መንገደኛም ቢሆን የእግዜር እንግዳ ነኝ ብሎ ሲገባ በሩ አይዘጋበትም። በእነዚህ በሦስቱ በሮች መካከል የተሰናዳ ምግብ በገንዘብ የሚሸጥበት አራተኛ በር ጠቃሚ መስሎ አልታየም፤ ምግብን መሸጥም መግዛትም ቤት ከሌለውና ዘመድ ካጣ ሰው ጋር የተያያዘ ነውር ሆኖ ይቆጠር ነበር።

ከዚህም በላይ፥ ሲበሉ መታየት ራሱ የሚፈራ ነገር ነበረ። ታላላቅ ሰዎች ሲመገቡ አሽከሮች መጋረጃ ይይዛሉ፤ ወይም ነጠላ ይዘረጋላቸዋል። የዓይን ነገር አለ፤ ቡዳ አለ፤ ደግሞም የሚበላ ሰው አፉን ከፍቶ መታየቱ ከክብሩ ያጎድላል ይባል ነበር። እንግዲህ እኔ በዚያ ረቡዕ ጠዋት የተሰማኝ ኀፍረት የእኔ ብቻ አለመሆኑን ተረዱልኝ፤ መጋረጃው ከተነሣ ብዙ ዘመን ቢሆነውም ጥላው በትከሻችን ላይ ቀርቷል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ ዋናው ገበያዋ በአራዳ፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከየአውራጃው የሚመጣው ሕዝብ ሜዳውን ይሞላው ነበር። ከሩቅ የመጣ ነጋዴ ይርበዋል፤ አህያውን ጥሎ ዘመድ ፍለጋ ሊሄድ አይችልም። በዚህ ጊዜ እንጀራቸውን በመሶብ፥ ጠላቸውን በገንቦ ይዘው መሬት ላይ የተቀመጡ ሴቶች ጠቀሙት። ዛሬ ጉሊት የምንለው ያ ነው። ስለ ነጋድራሶች፥ ስለ ኬላና ስለ ቀረጥ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ እነዚያ ሴቶች ግን የተጻፈው እጅግ ጥቂት ነው። እኔ በመዝገብ መካከል ብዙ ዘመን የኖርሁ ሰው ስለሆንሁ ይህ ነገር ይቈጠቍጠኛል።

እዚህ ላይ ስለ ገንዘብ አንድ ቃል ልናገር፤ የቁርስ ታሪክ የሳንቲም ታሪክም ነውና። በዚያን ዘመን ትልቁ ገንዘብ የማርያ ትሬዛ ብር ነበረ። በአንድ ብር በግ ይገዛበት ለነበረ ሰው፥ ለአንድ እንጀራ ብሩን ሊሰብረው አይችልም፤ ለዚህ አሞሌ ጨው ነበረ፤ ጥይትም እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገለግል ነበረ። ዐፄ ምኒልክ 1887 ዓ.ም. የተቀረጸባቸውን ብሮች አስመትተው ግርሹንና ቤሳውን ጭምር ሲያወጡ፥ ሕዝቡ ወዲያው ባይቀበላቸውም፥ ትንሽ ነገር በትንሽ ገንዘብ የሚገዛበት መንገድ ተከፈተ። ትንሽ ሳንቲም በሌለበት አገር የቁርስ ቤት አይኖርም፤ ማንም ለአንድ ብርጭቆ ሻይ ጥይት አይቈጥርምና።

በገንዘብ መብላትን ከነውርነት ለማውጣት ቤተ መንግሥቱም ሞክሯል። እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሆቴል ባቋቋሙ ጊዜ መኳንንቱ ገብቶ በሒሳብ መብላትን ስላልለመዱት፥ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው እየጋበዙና እያበረታቱ እንዳለማመዷቸው ይነገራል። ነገሩን ስታስቡት የሚያስገርም ነው፤ በጥቅምት ወር 1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች ተሾሙ፤ ሹመቱን ለመቀበል ያላመነታው ጌታ ምሳውን በገንዘብ ለመብላት ግን አመነታ። በአራዳ ሜዳ ላይ የነበሩት እንጀራ ሻጮች ግን የጋበዛቸውም ያስተማራቸውም ሳይኖር ያንኑ ሥራ ዱሮ ይሠሩ ነበር።

የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ከተማይቱ ሌላ ሆነች። የመን አረቦች፥ ግሪኮች፥ አርመኖችና ሕንዶች አስቀድሞም ነበሩ፤ ከባቡሩ በኋላ ግን እነርሱም ዕቃቸውም በረከተ። የግሪኮቹና የአርመኖቹ ዳቦ መጋገሪያዎች ነጩን የስንዴ ዳቦ ለከተማው አስለመዱ። የየመኖቹ ትንንሽ ሱቆች ደግሞ በየመንደሩ በሩ ላይ ከሌሊት ጀምሮ እስከ ማታ ክፍት ነበሩ፤ ስኳር በኩባያ፥ ሻይ ቅጠል በወረቀት ጠቅልለው፥ ጋዝ በጠርሙስ ይሸጡ ነበር። «አረብ ቤት» የሚለው ስም ባለሱቁ ጉራጌ ወይም አማራ በሆነ ጊዜም እንኳ ሳይለቅ ብዙ ዘመን ቆይቷል። ስኳርንና ሻይን በሳንቲም ከፋፍሎ መሸጥ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን የድኻውን ጠዋት የለወጠው እርሱ ነው።

ከዚያም ጠላት መጣ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ የፋሺስት መንግሥት ከተማውን ነጭና ጥቁር ለይቶ ለማስፈር አሰበ። አራዳ ለአውሮፓውያን ሊሆን ነው፤ ያገሬው ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ ይሂድ ተባለ። «የአገሬው ገበያ» ብለው በጣልያንኛ የሰየሙት ስፍራ መርካቶ ሆኖ ቀረ፤ አራዳም ፒያሳ ተባለች። ነጻነታችን በ1933 ዓ.ም. ሲመለስ ከፋፋዩ ሕግ ጠፋ፤ ገበያው ግን ወደ አራዳ አልተመለሰም። ጣልያን የተዋቸው ቃላት ብዙ ናቸው፤ የቁርስን ጠረጴዛ ብቻ እንኳ ብትመለከቱ ፉርኖ፥ ቦምቦሊኖ፥ ፓስቲ፥ ማኪያቶ አሉ። ሰዎቹ ሲሄዱ ቃላቸውና ምድጃቸው ቀረ። ይህን ስናገር ወረራውን ማመስገኔ እንዳይመስላችሁ፤ በጦር የመጣውን ዳቦ ሕዝቡ በገዛ እጁ ጋግሮ የገዛ ራሱ አደረገው ማለቴ ነው።

ከ1933 ዓ.ም. በኋላ መርካቶን ያቆሙት አብዛኛውን ከገጠር የመጡ ሰዎች ናቸው። በተለይ ከጉራጌ አገር የመጡት ወጣቶች በሸክም፥ በሊስትሮ፥ በችርቻሮ ጀምረው እየቈጠቡ ባለሱቅ መሆናቸው ለማናችሁም አዲስ ነገር አይደለም። ቤታቸው ሩቅ ነው፤ ሚስት ወይም እናት በገጠር ናት፤ የሚያድሩት ከአገራቸው ልጆች ጋር ተጋፍተው ነው። ማን ጠዋት ያብላቸው? በዚያው ዘመን ደግሞ መንግሥት በየሚኒስቴሩ ሠራተኛ ይቀጥር ነበር። መጋቢት 1934 ዓ.ም. ነጋሪት ጋዜጣ መታተም ጀመረ፤ ጥር 1935 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ሥልጣን በትእዛዝ ተደነገገ፤ ሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ከነሳንቲሙ ወጣ። ደመወዝ በወር በገንዘብ ይከፈል ጀመር። በማደሪያ መሬት ይኖር የነበረው አገልጋይ ጠዋት የሚበላው ከገዛ ጎተራው ነበር፤ ደመወዝተኛው ግን ጎተራ የለውም፤ ኪሱ ብቻ አለው፤ በጠዋቱም ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከወንበሩ መገኘት አለበት። የቁርስ ቤቱን የፈጠሩት እነዚህ ሁለቱ፥ ሸክም አውራጁና ጸሓፊው፥ በአንድነት ናቸው። አስቀድሜ «ማን ያየኝ ይሆን» ብዬ ያፈርሁበትን አግዳሚ ከአያቶቻችን ዘመን ይልቅ የእኛው የመሥሪያ ቤት ሕይወት እንዳስቀመጠው ስረዳ ለብቻዬ ሳቅሁ።

ስለ ስኳርም ልናገር፤ ከውጭ አገር ይመጣ የነበረውን ስኳር የወንጂ ፋብሪካ በመጋቢት ወር 1946 ዓ.ም. እዚሁ ማምረት ጀመረ። ፋብሪካውን ያቋቋመው ቀድሞ በኢንዶኔዥያ ይሠራ የነበረ የሆላንድ ኩባንያ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሻይ የሀብታም መጠጥ መሆኑ ቀረ፤ በኋላ ዘመንም ሻይ ቅጠሉ ራሱ በጉማሮና በውሽውሽ በቀለ።

አሁን ወደ ፉል ልምጣ። ስሙ አረብኛ ነው፤ ባቄላ ማለት ነው። በግብፅና በሱዳን፥ በየመንም፥ የድኻውም የጌታውም ቁርስ ነው። በካይሮ የፉል ድስት በሕዝብ መታጠቢያ ቤቶች ምድጃ ረመጥ ውስጥ ሌሊቱን ተቀብሮ ያድር ነበር ይባላል። ወደ እኛ የመጣበት መንገድ ግልጽ ነው፤ በየመን ነጋዴዎችና ከሱዳን በሚመላለሱት ሰዎች እጅ ነው። ነገር ግን ባቄላው ራሱ እንግዳ አይደለም! አገራችን ከቻይና ቀጥሎ በዓለም ብዙ ባቄላ ከሚያመርቱት ግንባር ቀደም ናት። ደጋው ሁሉ ባቄላ ነው፤ እሸቱን በልተናል፤ ቆሎውን ቈርጥመናል፤ ንፍሮውን ቀቅለናል፤ በሹሮው ውስጥ ቀላቅለነዋል፤ በጾም ሥልጆ አድርገነዋል፤ በጸሎተ ሐሙስም ከስንዴ ጋር ጉልባን ሆኖ ይቀርባል። እንግዲህ ባሕር ተሻግሮ የመጣው ስሙና አበሳሰሉ ነው፤ እህሉ ከጓሮአችን ነው።

ሥራውም እንደሚታየው ቀላል አይደለም። ሴትዮዋ እንደ ነገሩኝ ባቄላው ከቀትር ጀምሮ ይዘፈዘፋል፤ ማታ ይጣዳል፤ እሳቱ ሌሊቱን ሙሉ ሳይበዛም ሳያንስም ይጠበቃል። አፉ የጠበበው ድስት እንፋሎቱን አፍኖ ይይዘዋል። ውኃ ሲጨመር የፈላ መሆን አለበት፤ ቀዝቃዛ ከገባበት ባቄላው ይደነግጣል አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ስንት ቢበስል አይለሰልስም። ከጎሕ በፊት ይላመጣል። በትንሽ ሳሕን ይቀዳና ዘይት፥ ከሙን፥ በርበሬ፥ የተከተፈ ሽንኩርት፥ ቲማቲምና ቃሪያ ይደረግበታል። ጾም ያልሆነ እንደሆነ ዕንቍላል ወይም እርጎ ይታከልበታል። በትኩስ ፉርኖ ይበላል። እኔ ያን ቀን ረቡዕ ነበርና የዘይቱን ብቻ ጠየቅሁ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አለመጠበቄን ንስሓ አባቴ እንዳይሰሙብኝ ይሁን።

በጠረጴዛው ላይ ስድስት ሰዎች ነበርን። ከቀኜ አንድ ሸክም አውራጅ፥ ከእርሱ ቀጥሎ ነጭ ቆብ ያደረጉ አንድ ሽማግሌ፥ በፊት ለፊቴ ሁለት የሱቅ ልጆች፥ በግራዬ ባልደረባዬ። ሸክም አውራጁ በስመ አብ ብሎ አማተበና ቈረሰ፤ ሽማግሌው ቢስሚላህ ብለው ቈረሱ። ሁለቱም ከአንድ ድስት ነው። ይህን ሳይ ከዚህ በፊት ያላሰብሁት አንድ ነገር ገባኝ።

በአገራችን ክርስቲያንና ሙስሊም ለብዙ መቶ ዘመን ተዋልደው፥ ተጎራብተው፥ በደስታም በኀዘንም ተረዳድተው ኖረዋል። ነገር ግን አንዱ የባረከውን ሥጋ ሌላው አይበላም፤ በሠርግም ጊዜ ለሙስሊም እንግዶች ለብቻ ይታረዳል፥ ለብቻ ይቀቀላል። ይህ ጠብ አይደለም፤ ሥርዓት ነው፤ ሁሉም ያከብረዋል። በመሆኑም የሥጋ ቤት ሁልጊዜ የአንደኛው ወገን ነው። ፉል ግን ቢላዋ አይነካውም። ለክርስቲያኑ የጾም ነው፤ ለሙስሊሙ ሐላል ነው፤ የረመዳን ስሑርም ይሆናል፤ የዐቢይ ጾም ማፍጠሪያም ይሆናል። በመርካቶ የራጉኤል ደወልና የአንዋር መስጊድ አዛን በአንድ ማለዳ ሲሰሙ ከሁለቱም በር የሚወጣው ሰው ያለ ሥጋት አብሮ የሚቀመጥበት ማዕድ ይህ ነው። አባቶች «ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል» ይላሉ፤ በትልቁ ከተማ ውስጥ ብቻውን የሚኖር የገጠር ልጅ ብቻውን ሳይበላ የሚውልበትን ስፍራ ያገኘው በዚህ አግዳሚ ላይ ነው። ይህን ያቀደው ሹም፥ የደነገገው አዋጅ የለም።

ሽማግሌው ዳቦአቸውን ለሁለት ቈርሰው ግማሹን ወደ እኔ ገፋ አደረጉ፤ የእኔ አልቆ ነበርና። «ብላ እንጂ፥ ቢሮ ሰዓት አለው» አሉኝ። ከረቫቴን አይተው የመንግሥት ሠራተኛ መሆኔን አውቀዋል። ያፈርሁበት ከረቫት ለእርሳቸው የሰዓት ምልክት ብቻ ነበር።

ሻዩ ከመጣ በኋላ ሴትዮዋን ሙያውን ከማን እንደ ተማሩ ጠየቅኋቸው። ከኀምሳ ዓመት በፊት በልጅነታቸው በአንድ የየመን ሰው ፉል ቤት ሳሕን ያጥቡ ነበር። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ፥ ከዚያም በፊት ኩባንያና ሱቅ በመንግሥት እጅ ሲገባ፥ ከየመኖቹ ብዙዎቹ ወደ አገራቸው ሄዱ። የእርሳቸውም ጌታ ሄደ። ሲሄድ የሰጣቸው ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው አፈ ጠባቡ ድስት፥ ሁለተኛው ፈልቶ ያልገባ ውኃ ባቄላን እንደሚያስደነግጥ የሚናገረው ምክር ነው። ያን ድስት አሁን ቀዳዳ ስላበጀ ከመደርደሪያው ላይ አስቀምጠውታል፤ አሳዩኝ፤ ሥሩ እንደ ወረቀት ሳስቷል። «በዚህ ስድስት ልጅ አሳድጌአለሁ» አሉ። ከስድስቱ ሁለቱ፥ እንደ እኔና እንደ እናንተ፥ የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው።

ከዚያም የጠየቁኝን ጥያቄ ጠየቁኝ። «አባባ፥ አንተ የመዝገብ ሰው ነህ አሉኝ። እኛ እዚህ ስንት ዘመን እንደ ሆነን የሚናገር ወረቀት በመንግሥት ቤት ይኖር ይሆን?»

ጥያቄው ከምን እንደ መጣ ለመረዳት ማብራሪያ አላስፈለገኝም። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ፥ ማለት በቀድሞው አራዳ፥ ለመንገድና ለከተማ ማስዋብ ሥራ ብዙ የቆዩ ቤቶችና ሱቆች ፈርሰዋል። በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. ደግሞ በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሣው እሳት የብዙ ሰዎችን ንብረት በአንድ ሌሊት አጥፍቷል። ከተማ ይለወጣል፤ መንገድ መስፋት አለበት፤ በቆርቆሮ የተጋረደ ቤት ለእሳት የተመቸ መሆኑንም ማንም አይክድም። ሴትዮዋም ይህን አልካዱም። የፈለጉት ሌላ ነው፤ የሚነሡ ከሆነ እንኳ አንድ ቀን እዚህ ነበሩ የሚል ነገር እንዲኖር ነው።

መዝገቡን እኔ አውቀዋለሁ። የሱቁ ፈቃድ አለ፤ የመጋዘኑ ካርታ አለ፤ የግብሩ ደረሰኝ አለ፤ የሆቴሉ ፈቃድ አለ። ከአራዳ ሜዳ ጀምሮ መሬት ላይ ተቀምጠው ከተማይቱን ያበሉ ሴቶች ግን ቤት ስላልነበራቸው ቍጥር አልተሰጣቸውም፤ ቍጥር ስላልተሰጣቸው ፋይል አልተከፈተላቸውም። እኛ ደግሞ ፋይል የሌለውን ነገር እንዳልነበረ እንቈጥራለን፤ ይህ የሥራችን ጠባይ ነው። እኔ ራሴ ለብዙ ዓመት «ማስረጃ አያይዘው ይምጡ» እያልሁ ስንቱን ሰው ከመስኮት እንደ መለስሁ እግዚአብሔር ያውቃል። ለሴትዮዋ የሰጠሁት መልስ «የለም፥ እትዬ» የሚል ብቻ ነበር። ዝም ብለው ሰሙኝ፤ አልተገረሙም፤ ድስቱን አማሰሉ።

ባልደረባዬ ግን ወጣት ነውና ዝም አላለም። ከቦርሳው ወረቀት አወጣ፤ የቤቲቱን ስፍራ፥ ሥራው የተጀመረበትን ዘመን፥ የድስቱን ታሪክ፥ ሌሊት እሳት እንዴት እንደሚጠበቅ ሴትዮዋ እየነገሩት ጻፈ። ሽማግሌውም ከ1960ዎቹ ጀምሮ እዚያ መብላታቸውን መሰከሩ፤ ሸክም አውራጁ ደግሞ አባቱም ከዚያው ይበላ እንደ ነበር ተናገረ። ሁለቱም ፈረሙ፤ ሸክም አውራጁ በአውራ ጣቱ። ለወረቀቱ ምን ዓይነት ርእስ ይሰጠው ሲል ባልደረባዬ ወደ እኔ ዞረ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ስንት ዓይነት ፋይል እንደ ከፈትሁ አላስታውስም፤ ለዚህ የሚሆን ርእስ ግን ወዲያው አልመጣልኝም። በመጨረሻ «ስለ ቁርስ» ብለህ ጻፍ አልሁት።

ሒሳቡን ልከፍል ስነሣ ሴትዮዋ የሁለታችንን ተቀበሉ እንጂ የሻዩን አልተቀበሉም። ሁለት ሰዓት ከሩብ ሆኖ ነበር። ወረቀቱ አሁን በመሥሪያ ቤቴ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ቍጥር አልተሰጠውም። ባለፈው ረቡዕም ሄጄ ነበር፤ ከዚያው ከሽማግሌው ጎን ተቀመጥሁ።